ራሙ ንጹሕ ነበር

«ምነው ዐብዱልከሪም ቀረ?»

እማማ ፈህሚያ ይህን የጠየቁኝ በዒድ ዕለት፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ልጃቸው ሷሊሕ እንግዳ ሊሸኝ ወደ በር ወጥቶ ነበር። እሳቸው ጎንበስ ብለው ከፊቴ ሳህን አስቀመጡ። ሩዝ በሽምብራ። ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበርን ለእኔ ብቻ ተለይቶ የተሠራ ነው።

«ቅቤም ሥጋም አልነካውም። ድስቱም አዲስ ነው» አሉኝ። ከዚያ በሩን ገልመጥ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ዐብዱልከሪም ዱባይ ከገባ ጀምሮ አንድ ዒድ ቀርቶ አያውቅም። በስልክ ሳገኘው ‹ሷሊሕን ጠይቂው› ይለኛል። ሷሊሕን ስጠይቀው ‹እሱን ጠይቂው› ይለኛል። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ ማንን ልጠይቅ? አንተ ታውቃለህ። ምነው ቀረ?»

አውቃለሁ። ከሁለቱ ወንድማማቾች ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

«እንጃ እማማ» አልሁና ሩዙን ጎረስሁ። ጣፋጭ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ እየዋሸሁም ጣፍጦኝ ነበር።

ሷሊሕና እኔ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ከዓመታት በኋላ እኔ ለትምህርት ታይዋን ድረስ ሄጄ ስድስት ዓመት ቆየሁ። እሱ ፒያሳ ያለውን የአባቱን የጨርቅ ሱቅ ወደ ኮምፒዩተር ዕቃ መሸጫ ለወጠው። ስመለስ ሥራ አልነበረኝም። ልቆይ ወይስ እንደገና ልውጣ ሳልወስን ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሻንጣዬ ዛሬም አልጋዬ ሥር ግማሹ እንደታሸገ ነው። ሷሊሕ ምንም ሳይጠይቀኝ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጠኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ በመጋረጃ የተዘጋ በር።

«ይኸ ልዑልቃል ነው፤ ታይዋን ራም ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ» እያለ ለደንበኛ ያስተዋውቀኛል። ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተማሪ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነበር። ራሞቹን፣ እነዚያን የኮምፒዩተር የማስታወሻ ካርዶች፣ በትሪ ደርድሬ ወደ መፈተሻ ምድጃ አስገባለሁ፤ ሲበቃቸው አወጣለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ የተማርሁት አንድ ደንብ ብቻ ነው፦ በቀዝቃዛ የተፈተነ ራም እንዳልተፈተነ ይቆጠራል። በሙቀት ውስጥ ካላለፈ ከፋብሪካው በር አይወጣም።

ደንበኞች ታይዋንንና ቻይናን አይለዩም። ቀልዱም አንድ ነው። «ኦርጅናል ነህ ወይስ ቻይና?» ይሉኛል። ሷሊሕ ከፊት ሆኖ «ኦርጅናል ነው፣ እኔ ዋስ!» ብሎ ይጮኻል።

ይኸ «እኔ ዋስ» የሚለው ቃል በሷሊሕ ሱቅ ቀልድ አይደለም። የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ይለጥፍና በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙን ይጽፍበታል። ሌላ የዋስትና ወረቀት የለም። ዕቃውን ሲሰጥ «አማና ነው» ይላል። አማና በእነሱ ቤት አደራም ነው፣ ቃልም ነው። አንድ ሰው ስሙ ያለበትን ዕቃ ይዞ ከተመለሰ ሷሊሕ ምን ሆነ ብሎ አይከራከርም፤ ይቀበላል። አባቱም በጨርቁ እንደዚያ ነበሩ። ዕቃውን ዱባይ ላይ አይቶ፣ መርጦ፣ አሽጎ የሚልክለት ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ዐብዱልከሪም ነው።

ዝናሽ ወደ ሱቁ የመጣችው ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ ባደረገበት ቀን ነው። ኮላ ድባ ላይ ፎቶ ቤት አላት፤ የደምቢያ ሰርግ አብዛኛው በእሷ ካሜራ ነው የሚያልፈው።

«አንተ ነህ ቻይናው?»

«ታይዋን ነው።»

«ያው ነው። ስማ፣ እንዳይቆም አርገህ አዲስ ኮምፒዩተር ግጠምልኝ። አሮጌው ሙሽራዋ ቀለበት ልታጠልቅ ስትል ቀጥ ይላል። ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ ሙሽራዋ ጣቷን እንደዘረጋች ናት።»

ሷሊሕ ሳቀ። «ፈጣን ነው የምትፈልጊ?»

«ፍጥነቱ ይቅርብኝ። አይቁም ነው የምልህ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አይቁም ነው ያለችው።

ሷሊሕ ከዐብዱልከሪም ካርቶን ሁለት ራሞች አወጣ። ፍጥነታቸው ስድስት ሺህ ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ለቪዲዮ ሥራ ከበቂ በላይ የሆኑ ናቸው። ራም ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ እያለ ሁሉን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ነው፤ ከካሜራ የሚገለበጥ ፊልም እንኳ ዲስኩ ላይ ከመጻፉ በፊት በእሱ በኩል ያልፋል። እኔ ገጥሜ፣ በተጻፈባቸው ፍጥነት አስነስቼ፣ ልሰጣት ይገባ ነበር። ሥራው በዚያ ያልቅ ነበር።

ነገር ግን ስልኬ ውስጥ አንድ ቡድን አለ። የታይዋን የፈረቃ ጓደኞቼ ናቸው። እዚያ የቀሩት ሁሉ አድገዋል፤ መሐንዲስ ሆነዋል፣ ቤት ገዝተዋል። በየሳምንቱ ራም ከተጻፈበት ፍጥነት በላይ አስጋልበው ቁጥሩን ይለጥፋሉ፤ ከፍ ያለ ያስመዘገበ ይጨበጨብለታል። እኔ ከተመለስሁ ጀምሮ ምንም ለጥፌ አላውቅም። በእጄ እንዲህ ያለ ዕቃ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ፍጥነቱን ከስድስት ሺህ ወደ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ወሰድሁት። ቮልቴጁን ጥቂት ጨመርሁ። እድሳቱንም አራራቅሁት። ራም የያዘውን ነገር በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያደሰ ካልያዘ ይረሳል፤ ፍጥነት ፈላጊ እድሳቱን ያሳንስበታል፣ ለሥራ ጊዜ እንዲተርፈው። በብርድ ይችለዋል። ሲሞቅ ግን ቶሎ ይረሳል፣ የተራራቀው እድሳት አይደርስለትም። ይህን አውቃለሁ። ለዚህ ነበር ምድጃው።

ሷሊሕ መጋረጃውን ገልጦ አየኝ። ካፖርት ለብሼ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የኮምፒዩተሩ ጎን ተነቅሎ፣ ቀዝቃዛው የነሐሴ ነፋስ በቀጥታ ራሞቹ ላይ ይነፍሳል።

«ምን እያረግህ ነው?»

«እየፈተንሁት።»

«በዚህ ብርድ? ራሙ ያልፋል፣ አንተ ግን ትወድቃለህ።»

ፈተናው መሮጥ ጀመረ። ስህተት፣ ዜሮ። አርባ ደቂቃ፣ ዜሮ። ሃምሳ ደቂቃ ሲሆን መብራት ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ግን ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ቁጥሩ ከፊት፣ በመስኮቱ በኩል የፋሲል ግንብ ጫፍ ከኋላ እንዲታይ አድርጌ። «ከጎንደር» ብዬ ለጠፍሁት። አሥራ አንድ ሰው አጨበጨበልኝ። አንዱ «አልሞትህም እንዴ?» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

መብራቱ ሲመጣ ፈተናውን አልደገምሁም። ወደ ስድስት ሺህም አልመለስሁትም። ጎኑን ገጠምሁና ወደ ፊት አወጣሁት።

«ተፈትኗል?» አለ ሷሊሕ።

«ተፈትኗል።»

ፕላስተሩን ቆረጠና ስሙን ጻፈበት። «አማና ነው» ብሎ ለዝናሽ አስረከባት።

በኅዳር አንድ ቀን ደወለችልኝ። «አንዳንዴ ቀጥ ይላል» አለችኝ።

«አጥፍተሽ አብሪው።»

«ይችን ለማለት ነው ታይዋን ድረስ የሄድህ?»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። በዚያው ተውነው።

ጥር ላይ ዝናሽ ሦስት ሰርግ በተከታታይ ቀረጸች። ካርዶቹን ወደ ኮምፒዩተሩ ትገለብጣለች፣ ካርዶቹን ታጠፋለች፣ ለቀጣዩ ሰርግ ትሮጣለች። በጥር ከዚያ ሌላ መላ የለም። ሦስተኛው የአያ በላቸው ልጅ ሰርግ ነበር። አያ በላቸው ኮላ ድባ ላይ የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ልጅቱ ጉልበታቸውን ስማ ሲመርቋት የሰርጉ ቤት ሁሉ አልቅሷል ይባላል። የካቲት በገባ በሳምንቱ በድንገት ታመው ሞቱ። ልጅቱም ከሐዘኑ ድንኳን ወደ ዝናሽ ላከች፦ ሌላው ይቆይ፣ የአባዬን ምርቃት ብቻ ላኪልኝ።

ዝናሽ ፊልሙን ከፈተች። አጀቡ አለ፣ ጭፈራው አለ። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ ስክሪኑ አረንጓዴ ካሬ በካሬ ሆነ። ድምፁም ጩኸት ብቻ። ስምንት ደቂቃ።

በማግስቱ መንገዱ ክፍት ነበርና ኮምፒዩተሩን ሚኒባስ ላይ ጭና ጎንደር መጣች። ሱቁ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ሰው ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርሁ።

«ሷሊሕ! አማናህ ይኸ ነው?»

«ዝናሽ፣ ምን ሆነሽ?»

«የሞተ ሰው ምርቃት አጠፋህብኝ!» አለችና ኮምፒዩተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ነጭ ዳንቴል እንደለበሰ ነው የመጣው። ራሷ በኪሮሽ ሠርታ፣ ከአቧራ እንዲጠብቀው ከላይ እስከ ታች አልብሳዋለች፤ ጥጉ ላይ ስሟን በሮዝ ክር ጽፋለች። «ኮላ ድባ ያለ ባለሙያ አይቶታል። ራሙ ነው አለኝ። ፎርጅድ ነው አለኝ! ምን ብዬ ልንገራት ለዚያች ልጅ?»

በመጋረጃው ቀዳዳ ዳንቴሉን ሳየው ምን እንደተሰማኝ መጻፍ ይከብደኛል። ደስ አለኝ። ደረቴ ቀለል አለው። እሷ ናት፣ አፍናው ነው አልሁ በልቤ። የአየር መውጫው ሁሉ ተሸፍኗል፤ የጥር ፀሐይ፣ ሦስት ሰርግ፣ ዳንቴል። እኔ አይደለሁም አልሁ።

ሷሊሕ አልተከራከረም። ጎኑን ፈትቶ ራሞቹን አወጣ። ኮምፒዩተሩ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር የተጻፈውን ስሙን አየው። «ስሜ ነው» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።» አዲስ ራም ሰጣት። ደንበኞቹ እየተያዩ አንድ በአንድ ወጡ።

እሷ እስከ ማግስቱ ጎንደር እህቷ ጋ ልታድር ሄደች፤ ኮምፒዩተሩ አዲሱ ራም እንዲገጠምለት እኔ ጋ ቀረ። ሷሊሕ አሮጌዎቹን ራሞች መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አንተ ፈትናቸው። አንተ ያልኸኝ ነው» አለኝ።

ያን ዕለት ደንቡን ጠበቅሁ። ራሞቹን መልሼ ገጠምሁ፣ ዳንቴሉን አለበስሁት፣ መስኮቱን ዘጋሁ። መጀመሪያ እኔ በሰጠሁት ፍጥነት አስነሣሁት። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የመጀመሪያው ቀይ የስህተት መስመር ወጣ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ቆጥሬ የማልጨርሰው። ወደ ስድስት ሺህ መለስሁትና ዳንቴሉን ሳላወልቅ እስከ ማግስቱ ቀትር ተውሁት። መብራትም እንደ ጉድ ሳይጠፋ አደረ። ስህተት፣ ዜሮ።

ዳንቴሉ ምንም አላደረገም። ራሙ ንጹሕ ነበር። ዐብዱልከሪም የላከው ኦርጅናል ነበር።

ሷሊሕ ከዙሁር ሶላት ተመልሶ መጋረጃውን ገለጠ። «እህ፣ ምን አለ?»

ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ አፌ ውስጥ ነበር። ንጹሕ ነው ልለው። ንጹሕ ነው ካልሁ ግን ታዲያ ምን አበላሸው ይለኛል። ስክሪኑን አየሁ፣ እጄን አየሁ፣ ዝም አልሁ።

ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ገባኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ይሉኝታ ይዞህ ነው። ወንድሜ የላከው ስለሆነ ፎርጅድ ነው ለማለት ከብዶህ ነው።» ትከሻዬን ያዘኝ። «ምንም አትበል። ዝም በማለትህ አመሰግንሃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዓለም ፊት ያወራብኝ ነበር።»

ተመስግኜ ዝም አልሁ። ያኔ ላርመው እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እኛ አገር ዝም ያለ ሰው ክፉውን ከመናገር ተቆጥቦ ነው ተብሎ ይከበራል፤ ሷሊሕ ዝምታዬን ባወቀው መንገድ አነበበው፣ እኔም ያነበበውን ተውሁለት።

እዚያው እፊቴ ቆሞ ለወንድሙ ድምፅ ላከ። «ዐብዱልከሪም፣ የኔ ስም የሚለጠፍበትን ዕቃ ከየት እንደምታነሣው አላውቅም። አይተህ ነበር የምትገዛው። አሁን ግን ወይ አታይም፣ ወይ አይተህ ነው የምትልክልኝ። አባታችን በሕይወት ቢኖር ምን ይልህ ነበር?»

መልሱ ሳይመሽ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት መጣ። ሷሊሕ ድምፁን ከፍቶ አሰማኝ። «ሌባ አልኸኝ ማለት ነው? ካርቶኑን በእጄ ነው ያሸግሁት። ወንድምህን ሌባ ካልህ እንግዲህ ሌላ ወንድም ፈልግ። ሌላ ዕቃ ላኪም ፈልግ።»

«ሲያዝ ነው የሚቆጣ» አለ ሷሊሕ፤ ነገር ግን መልእክቱን እንደገና ከፍቶ ሰማው።

ዝናሽ በቀጠሮዋ ስትመጣ ኮምፒዩተሩን በአዲሱ ራም፣ በስድስት ሺህ አስተካክዬ ጠበቅኋት። ከስምንቱ ደቂቃ ላድን የምችለውን ለማዳን ዲስኩን ስቆፍር ነበር የቆየሁት። አራት ሴኮንድ አገኘሁ። አያ በላቸው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ...» ይላሉ፤ ከዚያ አረንጓዴው ይመጣል።

ዝናሽ አለቀሰች። «አንተ ባትኖር ይችም አትገኝም ነበር። እግዜር ይስጥህ» አለችኝ።

ያኔ ነው የባሰውን ያደረግሁት። ዳንቴሉን አጣጥፌ እየሰጠኋት «ይኸን ግን አታልብሺው፤ ያፍነዋል» አልኋት። ቴክኒኩ ትክክል ነው። ማንም ባለሙያ ይለዋል። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱ ይሆን እንዴ ያበላሸው?»

«ሊያባብሰው ይችላል» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው አዘዞም ማክሰኝትም ደረሰ። የሷሊሕ ዕቃ ፎርጅድ ነው ተባለ። ደህና የሚሠራ ኪቦርድ የመለሰ አለ፤ ሁለት ዓመት የተሠራበት ሞኒተር ይዞ የመጣ አለ። ሷሊሕ ስሙን አይቶ ሁሉንም ተቀበለ። «ኦርጅናል ነህ ወይስ ቻይና?» የሚለኝ ሰው ጠፋ፤ በዚያ ሱቅ ውስጥ ያን ቀልድ የሚደፍር አልነበረም። ራመዳን ገባ፣ ራመዳን ወጣ። ዒድ ሆነ። ዐብዱልከሪም አልመጣም።

ሩዙን ጨርሼ ስነሣ ሷሊሕ እስከ አስፋልቱ ሊሸኘኝ አብሮኝ ወጣ። አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሁሉ «ዒድ ሙባረክ» ይለዋል፣ እሱም ይመልሳል። እናቱ የጠየቁኝን ጥያቄ ይዤ ሁለት ሰላምታ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

«ሷሊሕ፣ ራሙ ንጹሕ ነበር።»

«የቱ ራም?»

«የዝናሽ። ዐብዱልከሪም የላከው። ምንም አልነበረበትም። ፍጥነቱን እኔ ከልክ በላይ ጨምሬበት ነው። ሃምሳ ደቂቃ በብርድ ፈትኜ ተፈትኗል ያልሁህ እኔ ነኝ።»

አልቆመም። መሄዱን ቀጠለ። አንድ ሽማግሌ «ዒድ ሙባረክ ሷሊሕ» አሉት፤ መለሰላቸው።

«ለምን ጨመርህበት? እሷ ጠየቀችህ?»

«አልጠየቀችም። ለጓደኞቼ ላሳይ ነው።»

«የት ላሉ ጓደኞችህ?»

«ታይዋን።»

ራሱን ነቀነቀ፣ እንዳልገባው ሰው። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የካቲት። ‹ምን አለ› ያልኸኝ ዕለት።»

አሁን ቆመ። «ያን ዕለትማ አመስግኜሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ይሉኝታ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉን ታውቃለህ» አለኝ። ከዚያ አፉን ሊከፍት ሲል የድሮውን ቀልድ የሚለኝ መሰለኝ፤ ቻይና ሊለኝ። ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አላለኝም።

«ለዝናሽ እኔ አልነግርልህም» አለ በመጨረሻ። «ለዐብዱልከሪምም አልነግርልህም። እኔ የሰደብሁትን ስድብ እኔ ይቅርታ እጠይቅበታለሁ። ያንተን አንተ። እናቴን ግን ዛሬ አትንገራት። ዛሬ ዒድ ነው። ነገ መጥተህ ንገራት።»

ተመልሶ ሄደ። እንደ ሌላው ጊዜ እስከ አስፋልቱ አልደረሰም።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ዝናሽ ጋ ደወልሁ። ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገርኋት። 

«ዳንቴሉን ተረተርሁት እኮ» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ፣ ክሩን ሁሉ ተርትሬ ጠቀለልሁት። ለልጅቱም ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ብዬ ነገርኋት። ከሐዘኗ ላይ ይቅር አለችኝ።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«ተዋት። አንተ ስትነግራት ደግሞ እንደገና ትሰማዋለች።» ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ አዲስ ዓለም ሄድሁ። እማማ ፈህሚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ራም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ እድሳት። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ዕቃው ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነበር እማማ።»

«ልጄ ደህና ዕቃ ነው የላከው።»

«አዎ።»

«ትናንት ስጠይቅህም ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

ወደ ቤት ገቡ። ያባረሩኝ መስሎኝ ልሄድ ስል ስልካቸውን ይዘው ተመለሱ፤ የዐብዱልከሪምን ቁጥር አውጥተው ሰጡኝ። እኔም ነበረኝ፤ ግን ከእጃቸው ወስጄ እንደ አዲስ መዘገብሁት። «ለኔ የነገርኸኝን ለሱ ጻፍለት» አሉኝ። «ሸጋ አድርገህ ጻፍ። የፎርጅዱን ወሬ ስሰማ እኔ እናቱ እንኳ ተጠራጥሬው ነበር።»

ሱቁ ጋ ስደርስ ሷሊሕ ከደንበኛ ጋር ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። መጋረጃውን ገለጥሁ። ጠረጴዛዬ እንዳለ ነው። መፍቻዎቼ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ሳጥኑ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ልዑልቃል» ተብሎ ተጽፎበታል። ይዘህ ሂድ ማለት ይሁን፣ ከእንግዲህ በራስህ ስም ሥራ ማለት ይሁን አላወቅሁም። ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ተቀምጬ መጻፍ ጀመርሁ።

ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በመጀመሪያው ስለ መብራቱ መጥፋት ጽፌ ነበር፤ በሁለተኛው ስለ ዳንቴሉ። በሦስተኛው ስለ ራሴ በጣም ብዙ ነበረበት። የላክሁት ይኸ ነው፦

«ወንድሜ ዐብዱልከሪም፣ ልዑልቃል ነኝ፣ ከሷሊሕ ሱቅ። የላክኸው ራም ንጹሕ ነበር። በተጻፈበት ፍጥነት፣ በሙቀት ፈትኜዋለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ፍጥነቱን ከልኩ አሳልፌ። ሷሊሕ ሲጠይቀኝ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬን አንተ ጥፋተኛ ነህ ማለት አድርጎ ወሰደው፣ እኔም አላረምሁትም። ሌባ አይደለህም። እናትህ ያውቃሉ፣ ሷሊሕም ያውቃል። ለዒድ የቀረኸው በኔ ምክንያት ነው። ይቅርታ።»

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ላክሁት። በዚያው ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ፤ አንብቦታል። ይህን የምጽፈው ግንቦት ላይ ነው። ከመልእክቴ በታች ምንም የለም።